ትውልድና ሙያ፦ የግሸን አምባ ታሪክ ለሥራ ዓለም የሚያስተምረው

ሰው ሥራውን ሳይመርጥ ሥራው ተመርጦለት የሚጠብቅበት ሥርዓት በብዙ አገሮች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የመኳንንት ልጅ ሹም፣ የጭሰኛ ልጅ ጭሰኛ፣ የአንጥረኛ ልጅ አንጥረኛ እንዲሆን የሚያስገድደው ደንብ አልፎ አልፎ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳይጻፍ በልማድ ጸንቶ ኖሯል። በኢትዮጵያም ‹‹ዘር ከልጓም ይስባል›› የሚለው ብሂል ለዘመናት ሲነገር የኖረው ስለ ፈረስ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው ለሹመት፣ ለዳኝነት ወይም ለእጅ ሥራ ሲታጭ በቅድሚያ የሚጠየቀው ምን መሥራት እንደሚችል ሳይሆን የማን ልጅ እንደ ሆነ ነበር።

ይህ ጥያቄ በሥራ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለመረዳት በደቡብ ወሎ የሚገኙትን ግሸንን፣ ሐይቅንና መቅደላን አያይዞ መመልከት ይጠቅማል። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ታሪክ ውስጥ የነገሥታት ልጆች፣ ጠባቂዎች፣ መነኮሳት፣ ጸሐፍት፣ አንጥረኞችና አንድ ‹‹የኮሶ ሻጭ ልጅ›› የተባለ ንጉሥ ይገኛሉ። የሁሉም ታሪክ የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ትውልድ የሥራ መመዘኛ በሆነበት ሥፍራ የሚጎዳው ዝቅ የተደረገው ብቻ ሳይሆን ከፍ የተደረገውም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራው ራሱ መሆኑን ነው።

የነገሥታት ልጆችና ጠባቂዎቻቸው

ግሸን በአምባሰል ወረዳ የሚገኝ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ አምባ ነው። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው በግሸን ማርያም ቤተ ክርስቲያንና በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በሚከበረው በዓል ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት መሠረት ግማደ መስቀሉ ያረፈው በዚሁ አምባ ላይ ነው። ከዚህ ሃይማኖታዊ ክብሩ ጎን ለጎን ግን ግሸን በመካከለኛው ዘመን የመንግሥት ተቋምም ነበር። የንጉሡ ወንድሞች፣ አጎቶችና የወንድም ልጆች ዙፋኑን እንዳይሻሙ ወደ አምባው ወጥተው በጥበቃ ሥር እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። ከሰሎሞን ዘር እንቆጠራለን ይሉ ስለ ነበረም እስራኤላውያን እየተባሉ ይጠሩ ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ዕጣ ለጉዳዩ እንግዳ የሆነ ምሳሌ ይሰጣል። በአገሪቱ ውስጥ ከእነሱ የከበረ ትውልድ ያለው አልነበረም፤ ይሁንና ይኸው ትውልዳቸው ማንኛውንም የአገር ሥራ እንዳይሠሩ ከለከላቸው። ጦር መምራት፣ ግዛት ማስተዳደር፣ በችሎት መቀመጥ የሚችል ሰው ከመካከላቸው ቢገኝም ችሎታው የሚታይበት አጋጣሚ አልነበረውም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ከዚህ አምባ ወርደው ነገሡ። ጠንካራ አስተዳዳሪ ከመሆናቸውም በላይ እንደ መጽሐፈ ብርሃን ያሉ የሃይማኖት ድርሳናት በስማቸው የሚታወቁ የብዕር ሰው ነበሩ። ዐፄ ናዖድም በ1486 ዓ.ም. እንዲሁ ከግሸን ተጠርተው ዙፋን ላይ ተቀመጡ። እነዚህ ሁለቱ በዙፋኑ መራቆት ምክንያት የተገኙ ናቸው። ዕድሉ ሳይገጥማቸው በአምባው ላይ እንዳሉ የቀሩት ሌሎች ምን ሊሠሩ ይችሉ እንደ ነበር ታሪክ ሊናገር አይችልም፤ የጉዳቱ መጠን የማይታወቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአምባው በር ላይ የቆመው ጠባቂ በበኩሉ ሌላ ዓይነት ችግር ነበረበት። በትውልድ ከእሱ እጅግ የሚበልጠውን ሰው ማዘዝ፣ መከልከልና መፈተሽ የዕለት ሥራው ነበር። ነገር ግን ዛሬ የሚከለክለው እስረኛ ነገ ንጉሥ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እንደ ዘገበው፣ ከእስረኞቹ የተላከ ደብዳቤ ከአምባው ወጥቶ በተገኘ ጊዜ ደብዳቤውን የያዘው ሰው ብቻ ሳይሆን ጠባቂዎቹም ተገርፈዋል። ደብዳቤው የመስፍኑ ነበር፤ ግርፋቱ ግን የጠባቂው ሆነ። በዛሬው የሥራ አመራር አነጋገር ቢገለጽ፣ ጠባቂው ኃላፊነት ነበረው እንጂ ሥልጣን አልነበረውም። የበላዩ ስሕተት ወደ በታቹ የሚወርድበት፣ ክብሩ ግን ወደ ላይ የሚቀርበት የሥራ ግንኙነት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አያስፈልገውም።

የግሸን ዝና ወደ አውሮፓ በተሻገረ ጊዜ የጠባቂው ታሪክ አብሮ አልተሻገረም። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ ድርሰቱ ውስጥ የኢትዮጵያን የነገሥታት ተራራ እንደ ገነት ካሉ ውብ ቦታዎች ጋር አነጻጽሮ ጠቀሰው። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1759 እ.ኤ.አ. ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱትን ‹‹ራስላስ››ን ደረሰ። በጆንሰን ልብ ወለድ ውስጥ የነገሥታቱ ልጆች የሚኖሩት በተድላ ሸለቆ ነው። እነሱን ለማስደሰት በሙያቸው ተመርጠው የሚገቡት ባለ ሙያዎች ግን በሩ አንድ ጊዜ ከተዘጋባቸው በኋላ ተመልሰው መውጣት አይፈቀድላቸውም። ደራሲው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ሆኖም የጌታ እስራት የአገልጋዩም እስራት መሆኑን ልብ ብሏል።

ይህ ሥርዓት በ1532 ዓ.ም. ገደማ የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ አከተመ። ልማዱ ግን አልቀረም። በጎንደር ዘመነ መንግሥት የነገሥታት ልጆች ወህኒ አምባ ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ። ዛሬም ማንኛውም እስር ቤት ወህኒ ቤት እየተባለ መጠራቱ የዚያ ታሪክ ቅሪት ነው።

ብዕርና ወናፍ

ከግሸን ብዙም የማይርቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተለየ መንገድ ያሳያል። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በገዳሙ የትምህርት ማዕከል አቋቋሙ። እሳቸው ራሳቸው በጽሕፈት ሙያ የታወቁ ነበሩ፤ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም እስከ ዛሬ ይገኛል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚባል ማዕረግ በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ሥፍራ ነበረው። ይህ ማዕረግ መነኩሴ የሚይዘው በመሆኑ ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም ነበር። መሳፍንቱ በትውልዳቸው ምክንያት ሥራ አጥተው በተቀመጡበት በዚያው አካባቢ፣ በመጽሐፍ ዕውቀትና በምነና የሚደረስበት የመንግሥት ኃላፊነት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ የዚያ ዘመን ኅብረተ ሰብ ሥራን ከዘር ለይቶ መስጠትን ፈጽሞ አያውቅም ነበር ሊባል አይቻልም። ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን በጥቂት በሮች ብቻ እንጂ በሁሉም አልፈቀደም።

በሩ ከተዘጋባቸው መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት የእጅ ባለ ሙያዎች ናቸው። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማ የሚሠራው ሸማኔ፣ ገንቦና ምጣድ የምትሠራው ሸክላ ሠሪ በብዙ የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች የተናቁ ነበሩ። በተለይ ጠይቡ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ይፈራና ይገለል ነበር። በብዙ ቦታ ርስት አይሰጠውም፤ ከሌላው ጋርም አይጋባም። ይሁን እንጂ ገበሬው ያለ ጠይቡ ማረሻ አያርስም፤ ያለ ጠይቡ ማጭድ አያጭድም። ወታደሩ ጦሩን፣ ቄሱ መስቀሉን የሚያገኘው ከዚሁ ሰው ወናፍ ሥር ነው። በቀን የሠራውን ዕቃ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ማታ ሠሪውን ስሙን ሳይጠራ በስድብ ያነሣዋል።

ይህ ንቀት የሰውን ስሜት በመጉዳት ብቻ አላበቃም። የሙያ ዕውቀት ከአንድ ቤተሰብ ወደ ሌላው እንዳይሻገር አጠረው። ዝንባሌ ያለው የገበሬ ልጅ ወደ ወናፉ እንዳይጠጋ ቤተሰቡ ይከለክለዋል፤ የጠይቡ ልጅ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ወድዶት ሳይሆን ሌላ መውጫ ስለሌለው ነው። መሬት የሌለው ባለ ሙያ ለሥራው የሚያውለው ጥሪት አያከማችም። የተሻለ መሣሪያ ቢፈለስፍም ክብር ሳይሆን የበለጠ ጥርጣሬ ያተርፋል። የእጅ ሥራ ለብዙ መቶ ዓመታት ባለበት ቆሞ የመቅረቱ አንዱ ምክንያት ከዚህ ሊፈለግ ይገባል።

አዝማሪውም የዚሁ ዕጣ ተካፋይ ነበር። በሠርግና በግብር ቤት የማይቀር፣ በማዕረግ ግን ከታች የሚቀመጥ ሰው ነበር። ሆኖም ዛሬ አምባሰል የሚለው ስም ግሸንን አይቶ በማያውቅ ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው በመሰንቆና በክራር ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ የሚጠራው በዚሁ አገር ስም ነውና። እንደ ማሪቱ ለገሰ ያሉ የወሎ ድምፃውያንም ዜማውን ለሰፊው ሕዝብ አድርሰዋል። የአገሩን ስም ያስጠራው፣ አገሩ በክብር ያላስቀመጠው ሙያ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከመቅደላ እስከ 1900 ዓ.ም. አዋጅ

የተናቀውን የእጅ ሥራ የመንግሥት ዋና ጉዳይ ለማድረግ ቀድመው ከተነሡት መሪዎች አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ጠላቶቻቸው እናታቸው ኮሶ ሸጠው አሳድገዋቸዋል በማለት ‹‹የኮሶ ሻጭ ልጅ›› እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ስድቡ ሥራን ነውር አድርጎ ከማየት የመጣ ነው፤ ልጇን በላቧ ያሳደገች እናት በዚህ አስተያየት መመስገን ሲገባት መሳለቂያ ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የመሣሪያ መሥሪያ አቋቁመው የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለ ሙያዎችንና የአገር ተወላጆችን በአንድ ላይ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራውም እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. ያንን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ በገደልና በሸለቆ መንገድ ሲቀየስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ እንደ ነበር የዘመኑ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል።

የሆነ ሆኖ ቴዎድሮስ የሠራተኛውን ድካም እንጂ ነጻነቱን አላከበሩም። የጋፋት ባለ ሙያዎች የፈለጉትን ለመሥራት ወይም ለመተው መብት አልነበራቸውም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሲሞቱም የተጀመረው ሥራ ተበተነ። በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ ክብር ከሰውየው ጋር አብሮ ይወድቃል።

ከአርባ ዓመት በኋላ ዐፄ ምኒልክ ጉዳዩን በአዋጅ አነሡት። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም የአንድ ዓመት እስራት እንዲሆን ተወሰነ። የአዋጁ ምክንያት በተለይ ሊስተዋል ይገባዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ርኅራኄ ብቻ አልተናገሩም፤ ስድቡ በዚሁ ከቀጠለ አገሪቱ ማረሻ የሚሠራላት ሰው እንኳ ታጣለች የሚል ሥጋታቸውን ገልጠዋል። ንቀት የምርት ጠንቅ መሆኑ በመንግሥት ደረጃ የታመነው በዚህ አዋጅ ነው።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲቋቋም የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ። እሳቸውም ሆኑ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በለጋ ዕድሜያቸው በጦርነት ተማርከው ቤተ መንግሥት የገቡ ሲሆኑ፣ በችሎታቸው ከታላላቅ መኳንንት ተርታ ደርሰዋል። ይህ የምኒልክን ሰው የመምረጥ ብልሃት ያሳያል። ነገር ግን ሁለት ሦስት ሰዎች ከታች ተነሥተው ከላይ መድረሳቸው መሰላሉ ለሁሉም ተዘርግቶ ነበር አያሰኝም። ሀብተ ጊዮርጊስ ከምርኮኛነት ወደ ሚኒስትርነት ባደጉበት ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በባርነት ሥር ነበሩ። ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው።

ከቤተ መንግሥት ወደ መሥሪያ ቤት

ከ1933 ዓ.ም. የነጻነት መመለስ በኋላ ዘመናዊው መሥሪያ ቤት እየተስፋፋ ሄደ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመሳፍንቱ ላይ ብቻ ላለመደገፍ ከታላላቅ ቤቶች ያልወጡ የተማሩ ሰዎችን ወደ ላይ አወጡ። ከእነዚህ አንዱ የካህን ልጅ የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። በእስክንድርያና በፈረንሳይ አገር ተምረው፣ በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም በሳን ፍራንሲስኮ ኢትዮጵያን ከወከሉት መካከል ሆኑ፤ ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስም በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሠሩ። የትምህርት ወረቀት የዘር ሐረግን ሊተካ እንደሚችል የእሳቸው ዘመን ብዙ ወጣቶችን አሳመነ። በ1943 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም የባላባት ልጅና የድሀ ልጅ በአንድ ማዕድ በልተው በአንድ ክፍል ተማሩ።

ከኮሌጁ ወጥቶ መሥሪያ ቤት የገባው ወጣት ግን አሮጌው ልማድ አዲስ ልብስ ለብሶ ጠበቀው። አነጋገሩ፣ አቀራረቡ፣ በደጅ ጥናት ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ፣ ስለ እሱ ለአለቃ አንድ ቃል የሚናገርለት ዘመድ መኖር አለመኖሩ ከዲፕሎማው እኩል ይመዘን ነበር። የትልቅ ሰው ልጅ ሲሳሳት ‹‹ልጅ ነው፣ ይማራል›› ይባልለታል። የገበሬው ልጅ ሲሳሳት ደግሞ ‹‹ድሮስ ከየት ያውቀዋል›› ይባልበታል። አንዱ ስሕተት ለአንደኛው የልምምድ ክፍል፣ ለሌላው የትውልድ ማስረጃ ሆነ። የዚህ ዓይነቱ ልዩነት በደመወዝ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ሆኖም ሐሳቡን በስብሰባ የሚገልጠውና አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው ሠራተኛ የሚለዩት በአመዛኙ በዚህ ነው።

የተገለበጠው ሚዛን

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ይህን ሁሉ ከሥሩ ለመንቀል ቃል ገባ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሻረ። ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው ያለ ጾታ ልዩነት እስከ 10 ሄክታር በሚደርስ መሬት የመጠቀም መብት እንዲያገኝ ደነገገ። ርስት ተነፍጎት ለኖረው የእጅ ባለ ሙያ ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። የላብ አደርና የገበሬ ስም በአደባባይ በክብር መጠራቱም የብዙ ሰዎችን አንገት ቀና አድርጓል።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ተገለበጠ እንጂ አልተወገደም። ቀድሞ የጭሰኛ ልጅነት ሰውን እንዳሳነሰው ሁሉ፣ አሁን የባላባት ልጅነት የጥርጣሬ ምክንያት ሆነ። በሙያው የተመሰገነ ሠራተኛ ‹‹አድኃሪ›› ከተባለ ሥራው አላዳነውም። ከትውልድ ይልቅ በትምህርት ያደጉት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት የቀድሞ ባለሥልጣናት አንዱ ነበሩ። ‹‹የማን ልጅ ነህ?›› የሚለው ጥያቄ መልሱ ቢለወጥም ጥያቄው ቀጠለ። የግሸን መሳፍንት በክቡር ትውልዳቸው ምክንያት ከሥራ እንደ ተገለሉ ሁሉ፣ የዚህም ዘመን ብዙ የተማሩ ሰዎች ባልመረጡት ልደት ምክንያት ተገፍተው አገራቸውን ለቀው ሄዱ። አገሪቱ በሁለቱም ጊዜ ያጣችው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የሠለጠነ ሰው።

ሕጉና ልማዱ

ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁጥር 111 ስምምነት በሥራና በቅጥር ላይ በማኅበራዊ አመጣጥ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ1958 ዓ.ም. አጽድቃለች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ ማኅበራዊ አመጣጥን፣ ሀብትንና ትውልድን በስም ጠቅሶ ልዩነት እንዳይደረግባቸው ያዛል። ከምኒልክ አዋጅ እስከዚህ ድንጋጌ ድረስ የተሄደው መንገድ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ሕጉ ያልሸፈናቸው ማዕዘኖች አሁንም አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ሥራን፣ ማለትም በአብዛኛው የቤት ሠራተኞችን፣ ከወሰኑ ውጭ አድርጓል። ከገጠር ተነሥታ በከተማ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ የሥራ ሰዓቷም ሆነ ዕረፍቷ የሚወሰነው በአመዛኙ በአሠሪዋ ፈቃድ ነው። ሕጉ በሸፈነው ቦታም ቢሆን ስድብን መከልከል አድልዎን ከማስቀረት ይቀላል። ማንም ቀጣሪ ዛሬ ‹‹የፋቂ ልጅ አልቀጥርም›› ብሎ በአደባባይ አይናገርም። ‹‹አቀራረቡ አልጣመኝም››፣ ‹‹ለቦታው አይመጥንም››፣ ‹‹ከባልደረቦቹ ጋር የሚግባባ አይመስልም›› ማለት ግን ይችላል። እነዚህ ቃላት እውነተኛ የሥራ ጉድለት የሚያመለክቱበት ጊዜ አለ፤ የልብስን፣ የአነጋገርንና የትምህርት ቤትን ልዩነት የሚሸፍኑበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን ለይቶ ማየት የሚቻለው ለቦታው የሚያስፈልገው ችሎታ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ሁሉም ተወዳዳሪ በዚያው መለኪያ ሲፈተንና ውሳኔውም ከነምክንያቱ በመዝገብ ሲሰፍር ነው።

የታሪኩ ትምህርት በሦስት ነገሮች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ የግሸን ጠባቂ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ኃላፊነት ያለ ሥልጣን የተጫነበትን ሠራተኛ በበላዩ ጥፋት መቅጣት ሥራን አያሻሽልም፤ ፍርሃትን ብቻ ያበዛል። ሁለተኛ፣ ከቴዎድሮስና ከሀብተ ጊዮርጊስ ታሪክ እንደሚታየው፣ ጥቂት ሰዎች በልዩ ችሎታ ወይም በአለቃ በጎ ፈቃድ መነሣታቸው ደንብን አይተካም። እንዲያውም ‹‹እገሌ ችሎ የለም ወይ?›› እየተባለ የሌሎቹን መሰናክል ለመሸፈን ሊጠቀስ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የሆነው እንደሚያስረዳው፣ የተበደለን ወገን ለመካስ ተብሎም ቢሆን ልደትን እንደ ጥፋት መቁጠር ያንኑ አሮጌ ሚዛን በሌላ እጅ መያዝ ነው። ለተበደለው ካሣ የሚሆነው የትምህርት፣ የመሣሪያና የሥልጠና ዕድል እንጂ የሌላው መገለል አይደለም።

ቅጥርና እድገት በእጃቸው የሚያልፍ ባለ ሙያዎች ለዚህ ጉዳይ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በየመሥሪያ ቤታቸው መዝገብ ውስጥ እድገት ሳያገኙ ረጅም ዘመን ያገለገሉት እነማን እንደ ሆኑ፣ ጥፋት ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጠየቁት በየትኛው ደረጃ ያሉት እንደ ሆኑ፣ የውጭ ሥልጠና ዕድል በተደጋጋሚ የደረሳቸው ከየትኛው ትምህርት ቤት የመጡት እንደ ሆኑ መመርመር ይችላሉ። የ1900 ዓ.ም. አዋጅ የፈራው ማረሻ የሚሠራ ሰው እንዳይጠፋ ነበር። ዛሬም ሊፈራ የሚገባው፣ ሥራውን የሚያውቀው ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እያለ ስሙን የሚጠራው ሰው አጥቶ እንዳይቀር ነው።